የድንገተኛ ግፊት ማስተንፈሻ እንዴት ይነደፋል? ከቫልቩ በፊት የሚጀመር፣ ከቫልቩ በኋላ የሚያልቅ ሥራ

ዲሴምበር 19 ቀን 2007 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቀትር በኋላ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በጃክሰንቪል ከተማ ቲ2 ላቦራቶሪስ በሚባል አነስተኛ ፋብሪካ ሪአክተሩ አልቀዘቅዝ አለ። ኦፕሬተሩ ለባለቤቶቹ አስታወቀ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሪአክተሩ ፈነዳ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፣ 32 ቆሰሉ። ሪአክተሩ ግን ማስተንፈሻ ነበረው። በ400 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ27.6 ባር ገደማ የሚቀደድ ራፕቸር ዲስክ (ስስ የብረት ክዳን) እና ባለ 4 ኢንች መውጫ ቧንቧ ተገጥሞለት ነበር። በአካባቢው የነበሩ ሰዎችም ከፍንዳታው ጥቂት ቀደም ብሎ የጄት ሞተር የመሰለ ድምፅ ሰምተዋል። ማስተንፈሻው እየተነፈሰ ነበር፤ አልበቃም እንጂ።

ይህን ሥራ ስጀምር ዋናው ነገር ፎርሙላው ይመስለኝ ነበር። ፎርሙላው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀኑንና ሳምንቱን የሚበላው ከፎርሙላው በፊት ያለው "ምን ሊበላሽ ይችላል?" የሚለው ጥያቄና ከፎርሙላው በኋላ ያለው "የወጣው የት ይሄዳል?" የሚለው ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ስሌቱ አምስተኛ ደረጃ ላይ ቢመጣ አትገረሙ። የተጻፈው ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ለሚማሩና ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ለጀመሩ ነው። መሠረቱን ያስይዛል፤ እውነተኛ ዕቃ ላይ የሚገጠም ነገር ግን ልምድ ያለው ሰው ሳያየው አይገጠም።

ደረጃ 1፦ ዕቃው የሚችለውን ማወቅ

ታንክ ይሁን ሪአክተር ወይም ኮለን (የማጣሪያ ማማ)፣ ምን ያህል ግፊት እንዲችል ተደርጎ እንደተሠራ በጽሑፍ ያስፈልጋችኋል። ቁጥሩ ዕቃው ላይ በተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ላይ አለ። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ቀለሙን ፋቁት እንጂ "ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው" ብላችሁ አትለፉ።

የቫልቩ መክፈቻ ግፊት (ሴት ፕሬዠር የሚባለው) ከዚህ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ቫልቩ ከፍቶ እያስተነፈሰ ሳለ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ማለቱ ግን የተፈቀደ ነው። በአስሜ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) የግፊት ዕቃዎች ኮድ ክፍል 8 መሠረት አንድ ቫልቭ ብቻ ካለ እስከ 10 በመቶ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ እስከ 16 በመቶ፣ መንስኤው የውጭ እሳት ከሆነ እስከ 21 በመቶ ድረስ ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ስሌቱ ላይ ይመለሳሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ዕቃው ግፊት ስለቻለ ባዶነት ይችላል ማለት አይደለም። በእንፋሎት ታጥቦ ሁሉም ቫልቭ ተዘግቶበት የቀዘቀዘ ታንክ፣ ወይም መተንፈሻው ተደፍኖ በፓምፕ የሚቀዳ ታንክ፣ አየሩ እንደተመጠጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይጨማደዳል። ስለዚህ "ቫኩም ይችላል?" የሚለውም በዚሁ ወረቀት ላይ ይመለስ።

ደረጃ 2፦ ምን ሊበላሽ እንደሚችል መዘርዘር

ባዶ ወረቀት ያዙ፣ የፋብሪካውን የቧንቧና የመሣሪያ ሥዕል ዘርጉ፣ ከተቻለ ኦፕሬተሮቹን አብራችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ግፊቱ በምን ምክንያት ሊያድግ እንደሚችል ጠይቁ። ኤፒአይ 521 የሚባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት መመሪያ የተለመዱትን ዘርዝሯል፦ መውጫው ተዘግቶ ፓምፑ ወይም ኮምፕረሰሩ እየገፋ ነው፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ተቋርጧል፤ መብራት ጠፍቷል፤ የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ከነሙሉ መክፈቻው ተከፍቶ ቀርቷል፤ የሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ያለ ቱቦ ተቀዶ ከፍተኛው ግፊት ወደ ዝቅተኛው ጎን ገብቷል፤ ከታንኩ ሥር እሳት ተነሥቷል፤ በሁለት ቫልቮች መካከል የታሰረ ፈሳሽ በፀሐይ እየሞቀ ነው።

የመጨረሻው ሰው የሚንቀው ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ሙሉ ለሙሉ ፈሳሽ የሞላው ቧንቧ ሁለት ጫፉ ተዘግቶ ቀትር ላይ ሲሞቅ ግፊቱ የሚያድገው በሚያስደነግጥ ፍጥነት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች መግቢያ ያለው ትንሽ ቫልቭ ይበቃል። ችግሩ መኖሩን ማሰቡ ላይ ነው።

መብራት መጥፋትን በተመለከተ የእኛ አገር ሰው ከማንም የተሻለ ያስባል ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም "ጄኔሬተር አለ" ብሎ መዝለል አይቻልም። መብራት ሲጠፋ አንድ ነገር ብቻ አይደለም የሚቆመው። የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፑ፣ ማደባለቂያው፣ የኮንደንሰሩ ፋንና የመሣሪያ አየር ኮምፕረሰሩ አንድ ላይ ይቆማሉ፤ ቦይለሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ግን ለጊዜው ወደ ሪቦይለሩ (የኮለኑን ፈሳሽ ወደሚያፈላው ማሞቂያ) መፍሰሱን ይቀጥላል። ማሞቂያው እየሠራ ማቀዝቀዣው ቆሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቢበላሽስ? ልማዱ እንዲህ ነው። ምንም የማይገናኙ ሁለት ብልሽቶች በአንድ ቅጽበት ይደርሳሉ ተብሎ አይነደፍም። ነገር ግን "የማይገናኙ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መርምሩት። መብራት ጠፍቶ ፓምፕም ፋንም ቢቆሙ ምክንያቱ አንድ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተበላሽቶ ማንም ያላወቀው የደረጃ መለኪያም ዛሬ ከሚደርሰው ብልሽት ጋር "በአንድ ጊዜ" እንደደረሰ አይቆጠርም፤ እሱ ድሮም ተበላሽቶ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሪአክሽኑ ሊገነፍል ይችላል ወይ?

ከሁሉም ደረጃዎች እዚህ ላይ ቆዩ። ዕቃው ውስጥ ሙቀት የሚያወጣ ሪአክሽን ከሌለ ወደሚቀጥለው እለፉ። ካለ ግን ከላይ የዘረዘርናቸው ሁሉ ከዚህ ጎን ሲታዩ ቀላል ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪአክሽን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፤ በግምት በየ10 ዲግሪው እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ማቀዝቀዣው የሚወስደው ሙቀት ግን የሚጨምረው ቀስ ብሎ፣ በቀጥታ መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው ሪአክሽኑ ካመለጠ በኋላ ውሃ ቢመለስም አይደርስበትም።

ከትንሽ ዕቃ ወደ ትልቅ መሄድ ነገሩን ያባብሰዋል። ቲ2 ላቦራቶሪስ ለቤንዚን የሚጨመር ኤምሲኤምቲ የሚባል የማንጋኒዝ ውሁድ ይሠራ ነበር። አሠራሩን የሞከሩት በ1 ሊትር የላብራቶሪ ሪአክተር ሲሆን ፋብሪካው ውስጥ የተከሉት 2,450 ጋሎን፣ 9,300 ሊትር ገደማ የሚይዝ ነበር። ቅርጹ ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ ይዘቱ 9,300 እጥፍ ሲያድግ የሚያቀዘቅዘው ግድግዳ የሚያድገው ወደ 440 እጥፍ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ግድግዳ ከ20 እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሳይታወቅ በግድግዳው ያመልጥ የነበረ ሙቀት እዚህ መውጫ ያጣል። የሪአክተሩ ጃኬት (ዙሪያውን የከበበው የማቀዝቀዣ ሽፋን) ደግሞ የሚቀዘቅዘው በከተማው ውሃ ብቻ ነበር፤ መጠባበቂያ አልነበረውም።

የአሜሪካ የኬሚካል አደጋዎች መርማሪ ቦርድ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈትሽ ሁለት ሪአክሽኖች አገኘ። አንደኛው የሚፈለገው ነው። ሁለተኛውን ባለቤቶቹ አላወቁትም፤ ሙቀቱ 199 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ለሪአክሽኑ የገባው ሶዲየም ዳይግላይም ከሚባለው ማሟሚያ ጋር ራሱ ሪአክት ማድረግ ይጀምራል፣ ከመጀመሪያውም እጅግ የበረታ ነው። የምርመራው አንዱ ግኝት ለዲዛይን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፦ ዲስኩ በ400 ፋንታ በ75 ፒኤስአይ (5.2 ባር ገደማ) እንዲቀደድ ቢደረግ ኖሮ፣ በዚያው ቧንቧ የመጀመሪያውን ሪአክሽን ገና ሳይበረታ አስተንፍሶ ሁለተኛው ላይ እንዳይደርስ ማድረግ በተቻለ ነበር። ዕቃው 600 ፒኤስአይ ስለሚችል ብቻ መክፈቻውን ከፍ ማድረግ ጥበቃ አይደለም። ለሚገነፍል ሪአክሽን መክፈቻው ዝቅ ይበል፤ ሪአክሽኑ ገና ቀርፋፋ ሳለ ይያዛል።

ሌላው ነገር የሚወጣው ምን እንደሆነ ነው። ጀበና ሲገነፍል አይታችኋል። በአንገቱ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ቢሆን ምድጃው ባልተበላሸ፤ የሚወጣው ቡናው ራሱ ነው፣ ከነአረፋው። ሪአክተርም እንዲሁ ነው። ከውስጡ አረፋ ሲፈላ የፈሳሹ ደረጃ ያብጣል፣ ወደ መውጫው ይደርሳል፣ ፈሳሽና ተን ተደባልቀው ይወጣሉ። ድብልቁ ከባድ ስለሆነ በዚያው ቀዳዳ በሰከንድ የሚወጣው የተን መጠን በብዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለተን ብቻ ተሠልቶ የተመረጠ ቫልቭ አይበቃም። ይህን በቅጡ ያጠናው ዲየርስ የሚባለው፣ የአሜሪካ ኬሚካል መሐንዲሶች ተቋም በ1976 ያቋቋመው የ29 ኩባንያዎች ጥምረት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የሁለት ፌዝ (የፈሳሽና የተን ድብልቅ) ፍሰት ስሌቶች መነሻቸው እዚያ ነው።

የዲየርስ ዘዴ ሪአክሽኖችን በሦስት ይከፍላል። በመጀመሪያው ግፊቱ የሚመጣው ከሚፈላው ፈሳሽ ተን ነው፤ ማስተንፈሻው ሲከፈት ፈሳሹ እየፈላ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል፣ ሪአክሽኑም ይረጋጋል። በሁለተኛው ግፊቱ የሚመጣው ከመበስበስ ከሚወጣ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲወጣ ምንም አያቀዘቅዝም፣ ሪአክሽኑ እስኪያልቅ መፍጠኑን ይቀጥላል፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ትልቅ ነው። ሦስተኛው ድብልቅ ነው። የትኛው እንደሆነ በወረቀት አይገመትም። አዲያባቲክ ካሎሪሜትር በሚባል፣ ሙቀት ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ተደርጎ በተሠራ መሣሪያ መፈተን አለበት። ፈተናውን ሲያሠሩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የናሙናው ማስቀመጫ ብረት ምን ያህል ከባድ ነው? ብረቱ ከባድ ከሆነ ሙቀቱን እሱ ይጠጣዋል፣ ሪአክሽኑም ከእውነተኛው የተረጋጋ መስሎ ይታያል። ስስ ማስቀመጫ ያለው ፈተና ነው ለትልቅ ሪአክተር የሚያገለግለው።

ፈተናው ዋጋው ውድ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ውድ ነው።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን መምረጥ

ተራው የስፕሪንግ ቫልቭ ይከፈታል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይዘጋል፤ ለብዙ ሥራ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ከመውጫው በኩል የሚገፋ ግፊት ካለ ቤሎ (ያ ግፊት መክፈቻውን እንዳይነካ የሚከላከል ተጣጣፊ የብረት ቱቦ) ያለው ይመረጣል። ራፕቸር ዲስክ ስስ ብረት ነው፤ ከተቀደደ አይመለስም፣ ዕቃው ባዶ እስኪሆን ይወጣል፤ ነገር ግን በቅጽበት ይከፈታል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ለሚገነፍል ሪአክሽን፣ ወይም ቫልቭ ለሚያጣብቅ እንደ ፖሊመር ያለ ነገር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ ዲስኩ ከሥር ሆኖ ቫልቩን ከዝገትና ከሚያጣብቅ ነገር ይጠብቃል። ከተጣመሩ ግን በመካከላቸው የግፊት ጌጅ የግድ ነው። ምክንያቱም ዲስክ የሚያውቀው የሁለት ጎኑን ልዩነት ብቻ ነው። ዲስኩ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትሸነቆርና በመካከሉ 1 ባር ቢጠራቀም፣ በ3 ባር ይቀደዳል የተባለው ዲስክ ዕቃው ውስጥ 4 ባር እስኪደርስ አይነቃነቅም። ጌጁን በየፈረቃው የሚያይና የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ጌጁ ለጌጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ስሌቱ

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። ኤታኖል የሚይዝ ቋሚ ታንክ አለን፤ ዲያሜትሩ 2.2 ሜትር ነው፣ ፈሳሹ በቀጥተኛው ግድግዳ 2.1 ሜትር ይደርሳል፣ ከታች ክብ ክዳን አለው። ዕቃው 3 ባር ይችላል፣ ቫልቩም በ3 ባር ይከፈታል። ሪአክሽን የለም። ሁለት መንስኤዎች ቀርተዋል እንበል፦ ከሥር እሳት፣ ወይም በፓምፕ ከልክ በላይ መሙላት።

እሳቱን እናስቀድም። በኤፒአይ 521 ስሌት እሳት ወደ ታንኩ የሚያስገባው ሙቀት በዋት ሲለካ 43,200 × የመከላከያ ቁጥር × የረጠበው ስፋት በካሬ ሜትር (በ0.82 ከፍ ተደርጎ) ነው። የረጠበው ስፋት ማለት ከውስጥ ፈሳሽ የነካው ግድግዳ ሲሆን ከእሳቱ ወለል እስከ 7.6 ሜትር ከፍታ ያለው ብቻ ይቆጠራል። የኛ ታንክ ግድግዳና ክዳን ተደምሮ 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው። መከላከያ ልባስ ስለሌለው ቁጥሩ 1 ነው። 20 በ0.82 ከፍ ሲል 11.66፣ በ43,200 ሲባዛ 504,000 ዋት፣ ማለትም 504 ኪሎዋት።

ሙቀቱ ኤታኖሉን ያፈላል። እሳት ስለሆነ ግፊቱ እስከ 21 በመቶ መጨመር ይችላል፤ 3 × 1.21 = 3.63 ባር። የከባቢ አየሩን 1.01 ባር ስንደምርበት 4.64 ባር ፍፁም ግፊት ይሆናል። በዚህ ግፊት ኤታኖል የሚፈላው በ122 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን አንድ ኪሎ ለማትነን ወደ 750 ኪሎጁል ይፈልጋል። 504 ÷ 750 = 0.672 ኪሎ በሰከንድ፣ በሰዓት 2,420 ኪሎ ያህል። መውጣት ያለበት ይህ ነው።

አሁን ቀዳዳው። ለተን የሚሠራው የኤፒአይ 520 ቀመር በቃል ሲነገር፦ ስፋቱ በካሬ ሚሊ ሜትር እኩል ይሆናል ፍሰቱ በኪሎ በሰዓት፣ ሲካፈል ለሦስት ነገሮች ብዜት (የጋዙ ቁጥር፣ የቫልቩ የማሳለፍ ቁጥር፣ ፍፁም ግፊቱ በኪሎፓስካል)፣ ውጤቱም ሙቀቱ በኬልቪን ለሞለኪውላዊ ክብደት ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ይባዛል። ለኤታኖል የጋዙ ቁጥር 0.0248 ነው፣ የቫልቩን 0.975 እንውሰድ፣ ግፊቱ 464፣ ሙቀቱ 395፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 46 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 11.2 ይሆናሉ። 2,420 ÷ 11.2 = 216፤ ስኩዌር ሩቱ 2.93፤ ብዜቱ 630 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል። የጋዙን ከፍጹም ጋዝ መዛነፍ ትቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ መተው ቀዳዳውን ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

የመሙላቱን ደግሞ በአጭሩ። ፓምፑ በሰዓት 15 ሜትር ኩብ ይገፋል፣ የመጨረሻ ግፊቱም ከ3.3 ባር ይበልጣል እንበል (ካልበለጠ ይህ መንስኤ ራሱ ይሰረዛል)። ፈሳሽ ነውና ስሌቱ ሌላ ነው፤ የማሳለፍ ቁጥሩን 0.65 አድርገን ስንሠራ 220 ካሬ ሚሊ ሜትር ይወጣል። ትልቁ ይገዛል፤ የሚነደፈው ለእሳቱ ነው።

ቫልቭ በሚሊ ሜትር እየተለካ አይሰፋም። በኤፒአይ 526 መጠኖቹ በፊደል የተወሰኑ ናቸው፦ ጂ 325፣ ኤች 506፣ ጄ 830፣ ኬ 1,186 ካሬ ሚሊ ሜትር። ኤች ያንሳል፤ ጄ እንወስዳለን። ከሥሩ ራፕቸር ዲስክ ቢገጠም የማሳለፍ አቅሙ በ0.9 ተባዝቶ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው 700 ይሆናል፣ ጄ አሁንም ይበቃል።

አሁን ቁጥሩን ትንሽ እንነካካው፤ የሚማሩት ከዚህ ነው። ከታንኩ ሥር ያለው ወለል ተዳፋት ካልሆነና የፈሰሰ ነዳጅ እዚያው ከታቆረ 43,200 የነበረው 70,900 ይሆናል። ስፋቱ ከ1,030 ያልፋል፣ ቫልቩም ከጄ ወደ ኬ ይዘላል። የአንድን ቫልቭ ምርጫ የሲሚንቶው ተዳፋት ይወስናል ማለት ነው።

ሌላው ለእኛ አገር ይሆናል። ያ 1.01 ባር የባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና የአየሯ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። ቫልቩ የሚለካው በጌጅ፣ ማለትም ከከባቢው አየር በላይ ባለው ግፊት ነውና መክፈቻው አይለወጥም፤ ፍፁም ግፊቱ ግን ከ464 ወደ 439 ኪሎፓስካል ይወርዳል፣ ስፋቱም ወደ 670 ከፍ ይላል። እዚህ ጄ ስለተረፈ ችግር የለም። ስሌታችሁ ከአንድ ፊደል ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ግን፣ ከባሕር ጠለል አገር ተገልብጦ የመጣ ኤክሴል ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ቧንቧዎቹ

"ትልቅ ቫልቭ ምን ይጎዳል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይጎዳል። ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ቫልቭ፣ ወይም መግቢያ ቧንቧው ቀጭንና ረጅም የሆነ ቫልቭ፣ ሲከፈት በመግቢያው ያለው ግፊት በሰበቃ ይወርዳል፤ ቫልቩ ግፊቱ የወረደ መስሎት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ግፊቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይከፈታል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ ቫልቩን ያንቀጠቅጠዋል፣ መቀመጫውን ይቀጠቅጠዋል፣ ቡሎኖቹን ያላላል። ስለዚህ በመግቢያ ቧንቧው ላይ የሚጠፋው ግፊት ከመክፈቻው 3 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል። በኛ ታንክ 3 በመቶ ማለት 0.09 ባር ነው፤ ክርንና ረጅም ቧንቧ የሚያስተናግድ አይደለም፤ ቫልቩ ታንኩ አናት ላይ ይቀመጥ። ይህን ስታሰሉ የምትጠቀሙት ፍሰት የሚያስፈልገውን 2,420 ሳይሆን ጄ ራሱ የሚያሳልፈውን 3,180 ኪሎ ነው፤ ቫልቩ ሲከፈት እናንተ የጠየቃችሁትን ሳይሆን የሚችለውን ነው የሚያወጣው።

በመውጫው በኩል ደግሞ የሚጠራቀመው ግፊት ለተራ ቫልቭ ከመክፈቻው 10 በመቶ አይበልጥ። ከበለጠ ቧንቧውን አስፉ ወይም ቤሎ ወዳለው ሂዱ። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የቆመ መውጫ ከታች ትንሽ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይኑረው፤ ያለዚያ የክረምቱ ዝናብ ቫልቩ ላይ ይጠራቀማል። ቫልቩ ሲተነፍስ ቧንቧውን ወደ ኋላ እንደሚገፋም አትርሱ፤ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 7፦ የወጣው የት ይሄዳል?

በጁላይ 10 ቀን 1976 ጣሊያን ውስጥ ሴቬዞ አጠገብ የአንድ ትራይክሎሮፌኖል ሪአክተር ዲስክ ተቀደደ። ዕቃው አልፈነዳም። የወጣው ግን በቀጥታ ወደ አየር ነበር፤ ዲዮክሲን ያለበት ደመና ከተማው ላይ ወረደ። በማርች 23 ቀን 2005 ቴክሳስ ሲቲ ባለው ማጣሪያ ኮለኑ ከልክ በላይ ሞላ፣ ሦስቱ ቫልቮች እንደሚገባቸው ተከፈቱ፣ ነዳጁ ግን የሄደው ጫፉ ክፍት ወደሆነ አሮጌ ጭስ ማውጫ ነበር። ፈሳሹ ከአናቱ ፈሰሰ፣ ደመናው ተቀጣጠለ፣ 15 ሰዎች ሞቱ። ቦፓል ላይ በዲሴምበር 1984 ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ሜቲል አይሶሳያኔት በማስተንፈሻው መስመር ወጣ፤ ማቃጠያ ችቦው ቧንቧው ለጥገና ተፈትቶ ነበር፣ ማጠቢያ ማማውም ለዚያን ያህል ጋዝ የተሠራ አልነበረም።

ስለዚህ ምርጫውን እንዲህ አስቡት። አየር፣ እንፋሎት ወይም ናይትሮጂን ከሆነ ሰው ከሌለበት ከፍታ ወደ ሰማይ ይውጣ። የሚቀጣጠል ተን ከሆነ ወደ ችቦ ይሂድ። መርዝ ከሆነ ወደ ማጠቢያ፣ የማጠቢያውም አቅም ለደረጃ 2 እና 3 ትልቁ ፍሰት ይሰላ። ፈሳሽ ተደባልቆ የሚወጣ ከሆነ ከሁሉም በፊት ፈሳሹን የሚለይ ታንክ ይግባ። መብራት ሲጠፋ ሃያ ቫልቮች በአንድነት ወደ አንድ ችቦ ሊተነፍሱ እንደሚችሉም ቁጠሩ፤ ለአንዱ የበቃ ቧንቧ ለሃያው ላይበቃ ይችላል።

ደረጃ 8፦ በመንገዱ ላይ የሚዘጋ ነገር

በጁን 2008 ሂውስተን ባለ የጎማ ፋብሪካ ኦፕሬተሮች የተቀደደ ራፕቸር ዲስክ እንዲቀየር ወደ ማስተንፈሻው የሚወስደውን ቫልቭ ዘጉ። ዲስኩ ተቀየረ፤ የተዘጋው አልተከፈተም። በማግስቱ ጠዋት የሙቀት መለዋወጫው በሌላው ጎን በእንፋሎት ሲታጠብ ውስጡ የታሰረው አሞኒያ ሞቀና ዕቃው ፈነዳ፤ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። በጁን 2013 ጋይስማር፣ ሉዊዚያና፣ ለጥገና እንዲመች ከዓመታት በፊት የተጨመሩ ቫልቮች አንድን ሪቦይለር ከማስተንፈሻው ለይተውት ነበር። ሙቅ ውሃ ሲከፈትበት በደቂቃዎች ውስጥ ተቀደደ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

የእኔ ምርጫ በዕቃውና በማስተንፈሻው መካከል ምንም ቫልቭ እንዳይኖር ነው። ለጥገና ግድ ከሆነ ሁለት ማስተንፈሻ ጎን ለጎን አስቀምጡና አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚከፈትበት ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ግጠሙ። እሱም ካልሆነ፣ ክፍት ሆኖ የተቆለፈ ቫልቭ፣ ቁልፉ በፈረቃ ኃላፊው እጅ፣ መዘጋቱና መከፈቱ በመዝገብ።

ደረጃ 9፦ ፋይሉና ፈተናው

ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ፋይል ይኑር፦ የታሰቡት መንስኤዎች በሙሉ (የተሰረዙትም ከነምክንያታቸው)፣ ስሌቱ፣ የፈሳሹ መረጃ ከየት እንደመጣ፣ የቧንቧው ሥዕል። የተሰረዙትን የምትጽፉት ለሚቀጥለው ሰው ነው። ቲ2 42ኛው ዙር ላይ የሚሠራውን መጠን በአንድ ሦስተኛ ጨምሮ ነበር፤ የፈነዳው 175ኛው ነው። ምርት በጨመረ፣ ማሟሚያ በተቀየረ፣ ፓምፑ በትልቅ በተተካ ቁጥር ፋይሉ ይወጣና ደረጃ 2 እንደገና ይጀመራል።

ቫልቩ ለዓመታዊ ፈተና ሲወርድ ወርክሾፑ ከማጽዳቱ በፊት እንዳለ ይፈትነውና የተከፈተበትን ግፊት ይመዝግብ። ብዙ ወርክሾፖች መጀመሪያ ፈትተው፣ አጽድተው፣ ቀባብተው ከዚያ ይፈትናሉ፤ ወረቀቱም ሁልጊዜ "3.0 ባር፣ ደህና" ይላል። እሱ ቁጥር የሚነግራችሁ ስለ ወርክሾፑ ነው። ሳይነካ ሲፈተን በ4.1 ባር የተከፈተ ቫልቭ ካገኛችሁ ግን ታንኩ ስንት ወር ያለ ጥበቃ እንደቆመ አወቃችሁ፤ የሚቀጥለው ፈተና ከዓመት ወደ ስድስት ወር ይውረድ።